ቡሹ ሲሰምጥ

ከምሠራበት ዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘኑ ወጥቼ፣ ክሊንተንቪል ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ መኪናዬን አቁሜ የቤት ቁልፍ ስፈልግ፣ የለበስኩት የአባዬ አሮጌ ጃኬት ኪስ ውስጥ የሆነ ነገር ጣቴን ወጋኝ። ሮዝ ላባ የታሰረባት የዓሣ መንጠቆ ነች፤ ጂግ የምንላት።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባዬ እሱም ዌርሃውስ ውስጥ ደብል ሺፍት ሠርቶ ገና ሳይተኛ፣ ቃል ስለገባልኝ ብቻ፣ ስቲልሄድ የሚባለውን ዓሣ ልናጠምድ ሁለት ሰዓት ነድቶ ወደ ሰሜን ወሰደኝ። ወንዙ ዳር ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እጁ ካርቶን ካርቶን ይሸታል።

«ጂጓን አትጎትቻትም» አለኝ። «ውሃው ላይ ከሚንሳፈፈው ቡሽ ሥር ተንጠልጥላ ውሃው እንደወሰዳት ትሂድ። ቡሹ ሲሰምጥ ያኔ ሳብ ነው።»

ትንሽ ቆይቶ የማጥመጃ ዘንጉን እንደያዘ ድንጋይ ላይ እንቅልፍ ወሰደው።

ቡሹ ሰመጠ። ልጠራው አፌን ከፈትኩና ፊቱን አይቼ ዝም አልኩ። ቡሹ ተመልሶ ብቅ አለ።

ሲነቃ «አልያዘም እንዴ?» አለኝ።

«ኖ፣ አባዬ።»

ራሴን ዳበሰኝ። «ተባረኪ። ቢይዝ ኖሮ ከእንቅልፌ መነሳት ነበረብኝ።»

ዓሣ ልንይዝ መጥተን ለምን እንደመረቀኝ አልገባኝም ነበር።

አሁን ሞተሩን አጥፍቼ ከድካሜ ብዛት መሪው ላይ ተደፍቻለሁ። ልጄ በቤቱ መስኮት ስታየኝ በጎን አየኋት። ልትጠራኝ እጇን አነሳችና ተወችው፤ መጋረጃውን ቀስ አድርጋ መለሰችው።