አስናቀውና የሞጣ ጉግስ

አስናቀው በሰው ሀብት አይቀናም። በሰው ቤት፣ በሰው ሚስት፣ በሰው ሹመት ሲቀና አላየሁትም። እሱ የሚቀናው በሞጣ ነው። በከተማዋ፣ ከነሕዝቧና ከነፈረሶቿ! ለዓመታት ሾፌሩ ሆኜ ስኖር ሞጣ የምትለው ቃል ከአፌ እንዳታመልጠኝ ስጠነቀቅ ኖሬያለሁ።

ቢቸና ላይ የበዓላት ዝግጅት ኃላፊ ነበር። መድረክ ማስተከል፣ ድንኳን ማስመጣት፣ ባነር ማሳተም፣ ፒክአፑ ላይ ድምፅ ማጉያ ጭኖ በየገበያው መቀስቀስ የእሱ ሥራ ነው። ፒክአፑን የምነዳው ደግሞ እኔ፣ ምናለ ነኝ። ሥራውን ያውቅበታል፤ አልዋሽም። ማይኩን ሲይዝ በሬ ሊሸጥ የመጣው ሰው እንኳ በሬውን ረስቶ ይሰማዋል።

ወይንእሸት ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣች መጀመሪያ የተመደበችው እሱ ሥር ነበር። መድረክ በየት በኩል ቢተከል ተመልካቹን ፀሐይ እንደማይወጋው፣ የክብር እንግዳ ንግግሩን ሕዝቡ ሳይርበው መጨረስ እንዳለበት ያስተማራት እሱ ነው። ኋላ ሞጣ ባል አገባችና ዝውውር ጠይቃ ሄደች። ብዙም ሳትቆይ እሷ ያዘጋጀችው የሞጣ የጥር ጊዮርጊስ ጉግስ በቴሌቪዥን ታየ። እኔና አስናቀው እራት ላይ ነበርን። ጉርሻው ጉሮሮው ላይ ቀረ።

«መድረኩን አየኸው?» አለኝ፣ ውኃ ከጠጣ በኋላ። «የእኔ መድረክ እኮ ነው! የባነሩ ቀለም ሳይቀር የእኔ ነው!»

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣ። ወይንእሸት ግን ለበዓል ለበዓል እየደወለች «ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ?» ማለቷን አልተወችም። እሱም «ደኅና» ብሎ ይዘጋና ቀኑን ሙሉ ፊቱን አጨፍግጎ ይውላል። ደግነቷ ነበር ይበልጥ የሚያንገበግበው።

ጉግስ ብቻውን የሚጫወቱት ነገር አይደለም። አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው እያባረረ ዘንግ ይወረውራል፣ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል። ለመስቀል የሞጣ ፈረሰኞች ወደ እኛ ይመጣሉ፤ ለጥር ጊዮርጊስ ደግሞ የእኛ የላይ ሠፈር ፈረሰኞች ወደ ሞጣ ይሄዳሉ። ድሮም እንዲህ ነበር። በ2004 ዓ.ም. የሄዱት ግን አዲስ የፈረስ ጌጥ ተሸልመው ተመለሱ። ሸላሚዋ ማን እንደሆነች መናገር አያስፈልግም። ቀዩ ጥለት በፈረሶቹ አንገት ላይ ሲወዛወዝ አስናቀው በመስኮት አየና ጥርሱን ነከሰ።

«ፈረሰኞቼን ልትወስድብኝ ነው» አለ።

ዘዴ ዘየደ። የላይ ሠፈርና የታች ሠፈር ፈረሰኞች ተነካክተው የማያልቅላቸው ተፎካካሪዎች ነበሩ። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየተመላለሰ፣ ለምኖም ተቆጥቶም፣ ሁሉንም በጊዮርጊስ ስም በአንድ ጽዋ ማኅበር አሰባሰባቸው። ወር በገባ በሃያ ሦስት በየተራ ይደግሳሉ፤ ከአንድ ጽዋ ይጠጣሉ። የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪው ማለት ነው፣ የላይ ሠፈሩ አያ ስጦታው ሆኑ፤ በእድሜም በግልቢያም የሚቀድማቸው የለም። ማኅበሩ ሳይፈቅድ ማንም ፈረሱን ይዞ ወደ ሌላ አገር በዓል እንዳይሄድ ደንብ ወጣ። ደንቡን ያረቀቀው ማን እንደሆነም መናገር አያስፈልግም።

«አሁን ትውሰዳቸው እስኪ!» አለኝ፣ እጁን እያፋተገ።

በዓመቱ፣ ከክልል አንድ ወሬ መጣ። በየዓመቱ በሚታተመው የበዓላት መርሐ ግብር ላይ ከአካባቢያችን አንድ ጉግስ ይገባል፤ አንድ ብቻ። መራጮቹና የቴሌቪዥን ሰዎቹ የሚመጡት ለጥር ጊዮርጊስ ነው። በመርሐ ግብሩ የገባ ጎብኚ ይጎርፍለታል፣ ሆቴሉ ይሞላለታል፣ ስሙ ይጠራለታል። ያልገባው ደግሞ ያው እንደለመደው ለራሱ ሰው ያጨበጭባል። አስናቀው ይህን ሲሰማ የመስቀሉን ጉግስ ሰረዘና ወደ ጥር ጊዮርጊስ አዛወረው። ሞጣ በሚደረግበት ቀን፣ በዚያው ሰዓት! መራጮቹ ዘንድ ሄዶ፣ ደጅ ጠንቶ፣ መጀመሪያ ቢቸና እንዲመጡ አደረገ።

«የሞጣ ፈረሰኞች አይመጡልንም እኮ» አልኩት።

«ምን ያደርጉልናል? ላይ ሠፈር ከታች ሠፈር ይጋጠማል።»

ነገሩ ልክ መሰለኝ። ስንት ዘመን ሲጋጠሙ አይቻለሁና።

የጥር ጊዮርጊስ ለት ሜዳው ጢም አለ። ታቦቱ ገብቶ፣ ሕዝቡ እልል ብሎ፣ መራጮቹ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ካሜራው ተተክሏል። አስናቀው አዲስ ካፖርቱን ለብሶ ማይኩን ጨበጠና «ላይ ሠፈር በቀኝ፣ ታች ሠፈር በግራ!» አለ።

ፈረሰኞቹ ሁሉ በቀኝ ቆሙ።

ደግሞ ጠራ። ማንም አልተነቃነቀም። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። አስናቀው ማይኩን ለእኔ ወርውሮ እየሮጠ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

«አያ ስጦታው፣ ምነው? ሰው እየጠበቀ እኮ ነው!»

አያ ስጦታው ከፈረሳቸው ሳይወርዱ ቁልቁል አዩት። «ማንን ልወርውር፣ ልጄ?»

«ታች ሠፈሮችን ነዋ! እንደ ድሮው!»

«ድሮማ ባዳ ነበርን። አሁን ከአንድ ጽዋ ጠጥተናል። በጊዮርጊስ ቀን በማኅበር ወንድሜ ላይ ዘንግ ላንሣ? ታቦቱስ ምን ይለኛል?»

«ጨዋታ እኮ ነው፣ አያ!»

«ዘንግ ሲያርፍብህ ጨዋታ አይደለም። እኛማ እንደ መስቀሉ ሞጣዎች ይመጣሉ ብለን ነበር የተሰለፍነው። ጽዋውን ያስጠጣኸን አንተ፣ እንግዳውን ያስቀረኸው አንተ፤ እኛ ምን እናድርግህ?»

አስናቀው አመድ መሰለ። ፈረሶቹ መሬቱን በኮቴያቸው ይቧጥጣሉ። ካሜራ ያዡ ትከሻውን ነቀነቀና መሣሪያውን ይፈታ ጀመር። ይኼኔ የአስናቀው ስልክ ጮኸ። ወይንእሸት ነበረች። ድምፅዋ ለእኔም ይሰማኛል።

«ጋሼ፣ እንኳን አደረስዎ! እኛ ጉድ ሆነናል። የላይ ሠፈር ሰዎች እንደ ልማዳቸው ይመጣሉ ብዬ እስካሁን ጠበቅሁ። የእኔዎቹ ማኅበራቸው ጥንትም አንድ ነው፤ እርስ በርስ አይወራወሩም። ፈረሶቼ ቆመው ቀሩ።»

አስናቀው ፈገግ አለ። በዓይኔ ነው ያየሁት! በዓሉ ፈርሶበት፣ መራጮቹ ሊነሱ መኪናቸውን እያስነሱ፣ የእሷም መፍረሱን ሲሰማ ልቡ ቅቤ ጠጣ። ያን ያህል ጊዜ ስነዳለት እንደዚያ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም።

«እናንተ ዘንድስ እንዴት ሆነ?» አለችው።

«እኛማ ደምቆልናል» አለ አስናቀው፣ የቆሙትን ፈረሶች እያየ።

«እሰይ! እሰይ ጋሼ! እንኳን የእርስዎ ሆነ። አስተማሪዬ ናቸው እያልኩ ማታ ከልጆቼ ጋር በቴሌቪዥን አያችኋለሁ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሮው አላወረደውም። ፈገግታው ጠፋ። አያ ስጦታው ሁሉንም ሰምተዋል፤ ፈረሳቸውን አዙረው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። በፈረሶቹ አንገት ላይ የሞጣው ቀይ ጥለት እንደታሰረ ነበር።

አስናቀው ፒክአፑ ውስጥ ገባ። ሞተር ላስነሳ ስል እጄን ያዘኝና ደወለላት።

«ወይንእሸት፣ ዋሽቼሻለሁ። እኛም ቆመናል። ያስቆምኳቸው እኔ ነኝ፤ የአንቺንም የእኔንም።»

«ለሚመጣው ዓመትስ ማን ወደ ማን ይምጣ?» አለች።

አስናቀው ዓይኑን ጨፈነ። ይህን መልስ ከአፉ ማውጣት ጥርስ ከመነቀል ይብስበት እንደነበር እኔ ምስክር ነኝ።

«እኛ እንመጣለን» አለ። «ሞጣ ላይ ይሁን። በመርሐ ግብሩም በሞጣ ስም ይግባ።»

ስልኩን ሊዘጋ ሲል ግን አላስቻለውም። መልሶ ጆሮው ላይ ለጠፈው።

«ነገር ግን የመጀመሪያውን ዘንግ የሚወረውረው የቢቸና ሰው ነው። ሰማሽ?»