ዲስክ የማያውቀው መኪና

ሰው ፊት መናገር ያስፈራኛል። እህቴን ዘሃራን ከሐይቅ ወደ ደሴ የዳርን ቀን ግን ጮህኩ።

በጦርነቱ የሞተው አባታችን ታላቃችንን ሲድር ለልጆቹ ሁሉ ያደረገው ዱዓ በአንድ ዲስክ ላይ ቀርቶልናል። የቤታችን ማጫወቻ ስለተዘረፈ፣ ሙሽራው ከሳውዲ ተመልሶ በገዛው አዲስ መኪና ላሰማት ዲስኩን ይዤ ገባሁ። ማስገቢያውን በጣቴ ስፈልግ ሚዜው ሳቀብኝ።

«የኔ እህት፣ ይሄ መኪና እኮ ዲስክ አያውቅም! ስልክሽን አምጪ፤ ድምፁ አዳራሽ ይሞላል።»

«አባዬ ስልክ ላይ የለም።»

«እንግዲያው ሌላ ቀን ትሰሙታላችሁ፤ ረፍዷል።»

«ሳይመርቃት አትሄድም!»

ዘሃራ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደችና የጎረቤታችን የሰይድ አሮጌ ዓሣ ጫኝ ፒካፕ ውስጥ ገባች። ዲስኩን አስገባሁ። በሚንኮሻኮሸው ድምፅ ማጉያ አባዬ «ያ አላህ» ሲል ሰፈርተኛው እጁን ለዱዓ ዘረጋ።

ዱዓው ሲያልቅ ሚዜው፣ «በይ ውረጂ፣ ዓሣ ዓሣ ልትሸቺ ነው» አላት።

«ወላሂ አልወርድም! በዚሁ ነው የምሄደው።»

ሁላችንም ሙሽራውን አየነው። የአዲሱን መኪና ቁልፍ ለሚዜው ወረወረለትና፣ በነጭ ሱፉ ከኋላ የዓሣ ሳጥን ላይ ወጥቶ ተቀመጠ።

«ሰይድ፣ ንዳው! ዱዓውንም ከመጀመሪያው ድገመው፤ እኔ ገና አሚን አላልኩም።»