በነጭ ክር የተያዘው ሰማያዊ ቀሚስ

ስልኩ ሲጮህ የደንበኛ ሸሚዝ አንገትጌ እየተኮስኩ ነበር። ልጃችን ናት፣ ከሆስፒታል። «አባዬ» ብቻ አለች። ካውያውን ከሸሚዙ ላይ አንስቼ ነቀልኩትና «እሺ ልጄ፣ መጣሁ» አልኳት። የባለቤቴን መሞት የሰማሁት እንዲህ ነው። የያዛት የሳንባ ሕመም ሳምንት እንኳ አላቆያትም። ሸሚዙ አልተቃጠለም፤ ብታይ ደስ ይላት ነበር።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሜትር ከአንገቷ ስለማይወርድ የሰፈሩ ሰው «እትዬ ሜትር» ይላት ነበር። ሱቋ የቤታችን የፊት ክፍል ነው፤ የስፌት መኪናዋ በመስኮቱ ሥር፣ የእኔ መተኮሻ ጠረጴዛ በበሩ በኩል። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ተኳሿ እኔ ነኝ። «እጁ ደህና ነው፤ ወሬው ነው የማያሠራኝ» እያለች በደንበኞቿ ፊት ትቀልድብኝ ነበር።

ወፍራም ነበረች፤ ስኳርም ነበረባት። ከሞት ይልቅ የምትፈራው ለዓይኗ ነበር። እናቷ በስኳር ዓይናቸውን አጥተው፣ በመጨረሻ ዘመናቸው ጨርቅ እየዳበሱ «ይሄ ቀለሙ ምንድን ነው?» ይሏት ነበር። ስለዚህ ሐኪሙ ጨጓራን አሳንሶ ክብደት የሚቀንስ ቀዶ ሕክምና ሲያነሳላት አላንገራገረችም።

«ማጥበብ ነው አይደል? እኔስ ስንቱን ሳጠብ ኖሬ የለ!» አለችው።

ኪሎዋ ወረደ፤ ስኳሯም ልክ ገባ፤ የስኳር መድኃኒቱም ቀረ። ሰው ሁሉ «ዳንሽ» አላት። ሐኪሙ ግን «ሄዷል እንጂ አልጠፋም፣ እናቴ፤ ሊመለስ ይችላል። ቫይታሚኑና ምርመራው ዕድሜ ልክ ነው» አላት።

ይህን ቃል በሙያዋ ተረጎመችው። የደንበኛን ልብስ አጥብባ በመኪና ትጨርሳለች። የራሷን ሰማያዊ ቀሚስ ግን ግራና ቀኙን በእጇ፣ በረጃጅም ነጭ ክር ብቻ አያያዘችው፤ ሲሳብ ወዲያው እንዲፈታ። ትርፉንም ጨርቅ ሳትቆርጥ ወደ ውስጥ አጠፈችው። ለብሳው ስትቀመጥ ክሩ ይታያል።

«አንቺ፣ ልብስ ሰፊ ሆነሽ ሰው ምን ይላል?»

«ቢመለስስ?»

«ማን?»

«ኪሎው ነዋ! ስኳሩን አስከትሎ።»

ዓመታት አለፉ። ጥቂት እየበላች፣ ቀስ እያለች መኖር ለመደች። ጣፋጭ ነገር ስትቀምስ ያልባትና ልቧ ይመታ ስለነበር እሱንም ተወችው። ትንሽ ኪሎ ሲመለስ ክሩን ፈትታ አንድ ጣት ያህል ለቀቀችና «ይሄ የዕድሜ ነው» አለች። ቫይታሚኑን ግን፣ «ጤነኛ ሰው ኪኒን ምን ያደርግለታል?» ብላ ቀስ በቀስ ረሳችው። ወደ ምርመራውም መሄዷ ቀረ።

አንድ ሰሞን መቀሷ አልቆርጥ አላት። ቢላና መቀስ ለሚስለው ጎረቤታችን ላከችው። ተስሎ መጣ፤ አሁንም አልቆርጥ አለ። መልሳ ላከችው። በመጨረሻ ሰውዬው ራሱ ይዞት መጣና ከጠረጴዛዋ ላይ ብጣሽ ጨርቅ አንስቶ ዓይኗ እያየ ሸረከተው።

«እትዬ ሜትር፣ ይሄ መቀስ እኮ ጢም ይላጫል። ከእኔ ጋር ጠብ ካለሽ በቀጥታ ንገሪኝ።»

ሳቀች። እሱ ሲወጣ ግን ሁለት እጆቿን ዘረጋችልኝ። ጣቶቿ ከደነዘዙ ሰንብተዋል፤ እግሯም እንደዚያው። መርፌ መያዟን የምታውቀው በዓይኗ አይታ ነበር።

«ተመልሷል» አለች። «እናቴንም በእግሯ ነው የጀመራት። ቀጥሎ ዓይኔ ነው።»

«ታዲያ ተመርመሪያ!»

«ካልተመረመርኩ አልተመለሰም።»

«የሕፃን ነገር።»

«ሕፃን ልሁን።»

ካውያዬን ነቀልኩ። «በይ ተነሺ። ካልሄድሽ ዛሬ እዚህ ቤት የማንም ሱሪ አይተኮስም» አልኳት። ትንሽ አየችኝና ጫማዋን መፈለግ ጀመረች።

ውጤቱ ሲመጣ ስኳሯ ልክ ነበር። የጎደላት ቫይታሚን ቢ 12 ነው፤ ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ከምግብ ብቻ በቂውን ማግኘት አትችልም።

«እናቴ፣ ኪኒኑን ማን ተዉት አለዎት?» አላት ሐኪሙ።

«ጤናዬ ነው ያሳሳተኝ፣ ዶክተር።»

መርፌ ተጀመረላት። «ጨርቅ ስወጋ ኖሬ ተራዬ ደረሰ» ትል ነበር። ጣቶቿ ቀስ በቀስ ነቁ፤ የግራ እጇ ትንሿ ጣት ብቻ እንደ ፈዘዘች ቀረች። ከዚያ ወዲህ ኪኒኑን ከክር ቆርቆሮዋ ውስጥ አኖረችው። ጠዋት ክር ስታወጣ እሱንም ታወጣለች። የምርመራ ቀን ሲደርስ ቀድማኝ በር ላይ ትቆማለች።

ከዚያ በኋላ የኖርናቸው ዓመታት ደጎች ነበሩ። መስኮቷ ሥር ተቀምጣ፣ መነጽሯን ወደ አፍንጫዋ ጫፍ አውርዳ፣ ክር መርፌው ቀዳዳ ውስጥ ስታስገባ «ዓይኔ አለ?» ትለኛለች። «አለ እንጂ፤ የእኔን ጥፋት ሁሉ ያያል» እላታለሁ።

ከመጨረሻው ምርመራ ስንመለስ ሰማያዊውን ቀሚስ አወጣች። ስኳሩ አሁንም አልተመለሰም ነበር።

«ሐኪሙ ድነሻል ስላላለኝ ትርፉን አልቆርጥም» አለች። «በነጭ ክር ተይዞ መኖር ግን በቃኝ።»

የቀኝ ጎኑን በመኪና ሰፋችውና ነጩን ክር መዝዛ ጣለች። ሳሉ የጀመራት ያን ቀን ነው። ግራውን ነገ ብላ ተነሳች።

ቀሚሱ መኪናው ላይ እንዳለ ነው። ልጃችን «እኔ ልስፋው፣ አባዬ?» ብላኝ ነበር፤ ቆይ አልኳት። የግራው ጎን እስካሁን አልተሰፋም።