ጠረጴዛው ወደ አልታዬ የሄደ ዕለት

ባለፈው ሳምንት የታመመች እህቴን ልጠይቅ ሆስፒታል ገብቼ ሁለት ወጣት ነርሶች ሥራ ሲካፈሉ ሰማሁ። «አንቺ ከበሩ እስከ መሃል፣ እኔ ከመሃል እስከ መስኮቱ።» ሳላስበው ሳቄ መጣ። እኔም ነርስ ሆኜ ነው ጡረታ የወጣሁት፤ በሰማንያዎቹ መጨረሻ አርባ ምንጭ ውስጥ ከባልደረባዬ ከአልማዝ ጋር ልክ እንደዚሁ ነበር የምንካፈለው።

ዝናቡ አባርቶ ወባ የበረታበት ሰሞን ነበር። አስታማሚዎች በሳህን ይዘውት የሚመጡት የሽፈራው ቅጠልና ኩርኩፋ የሚሉት የተቀቀለ የበቆሎ ድብልብል ክፍሉን ያውደዋል። አልጋ ቆጥረን እኩል ስንካፈል ፍትሕ የሠራን ይመስለን ነበር። በሽታ ግን አልጋ ቆጥሮ አይመጣም። በእኔ በኩል ያሉት አገግመው የቤታቸውን መንገድ የሚያስቡ ነበሩ፤ በአልማዝ በኩል አንዱ ሲንቀጠቀጥ ሌላው ይቃዣል። ከሁሉ የባሰባት አልታዬ ነበረች፤ ከጨንቻ ደጋ የወረደች ልጃገረድ። ወባው ጭንቅላቷ ወጥቶ ራሷን ስታለች። አልጋዋ ደግሞ ጥግ ስለነበር ብትንፈራገጥ እንኳ ከጠረጴዛችን አትታየንም።

«ወደዚህ እናምጣትና አንቺ እሷን ያዢ፤ ሌላውን እኔ አየዋለሁ» አልኳት አልማዝን።

አልጋውን ልንገፋ ስንል አባቷ፣ ጋቢ ያጣፉ ሸማኔ፣ ከፊታችን ቆሙ።

«ልጄ እዚያ አትሄድም! እዚያ የተኛ ሰው ቤቱ አልገባም።»

እውነታቸውን ነበር። የጠናበትን ሁሉ ጠረጴዛችን አጠገብ ስለምናስተኛ ብዙ ሰው የሚሞተው እዚያ ነበር፤ የዚያን ዕለት ጠዋት እንኳ አስከሬን ሲወጣ አይተዋል። «አባባ፣ አልጋው ምን አደረገ?» ብላቸው ማን ሊሰማኝ! ደሜ ፈላ።

አልማዝ እሳቸውን አየች፣ እኔን አየች። «አልጋው እምቢ ካለ ጠረጴዛው ይሂዳ!» አለች።

ያ የብረት ጠረጴዛ ሲጎተት የጮኸው ጩኸት ሴቻ ሰፈር ድረስ ሳይሰማ አልቀረም። አንዱን ጫፍ የያዙልን ሸማኔው ራሳቸው ነበሩ። ከሰዓት በኋላ አልታዬ የደሟ ስኳር ወርዶ ስትንፈራገጥ አልማዝ እጇ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጣ ነበርና ወዲያው ግሉኮስ ሰጠቻት። በማግስቱ ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ውሃ ጠየቀች። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ሐሳቡ የእኔ ባለመሆኑ ትንሽ ቀናሁ እንጂ። ከዚያ በኋላማ አስታማሚው ሁሉ «ወደኛም አምጡልን» ይል ጀመር።

ይህን ለሁለቱ ወጣት ነርሶች ሳጫውታቸው አንደኛዋ ሳቀች። «እማማ፣ የኛ ጠረጴዛ እኮ ግድግዳ ላይ በብሎን ታስሯል።»

«ወንበሩስ?» አልኳት።

ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኩል ለመካፈል መቁጠር መቻል ይበቃል፤ የባሰበትን ለማወቅ ግን ቀና ብሎ ማየት ይጠይቃል እያልኩ ለእህቴ ብርቱካን ላጥኩ። መስኮቱ አጠገብ አንዲት እናት ያቃስታሉ። ቀና ስል ያቺው ነርስ ወንበሯን ተሸክማ ወደዚያ ትሄዳለች።