ጩኸት የማይወደው ብረት ቆራጭ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ፎቅ በሚሠራበት ግቢ አንድ ብረት ቆራጭ ይውላል። ከወለጋ ተፈናቅሎ የመጣ ነው፤ የጫማውን ማሰሪያ ዘወትር ሁለቴ ይቋጥራል። ቱቦላሬ የሚቆርጠው በባትሪ በሚሠራ ትንሽ መጋዝ ነው፤ አንዱን ቆርጦ ሌላውን ከመጀመሩ በፊት ቀና ብሎ ያዳምጣል። አቆራረጡ እንከን የለውም፤ ይህን አለመመስከር ግፍ ነው።

ዛሬ ባትሪው ስላለቀ ካቦው ግራይንደር አቀበለው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሲጮኽ የሚመጣውን አልሰማም።»

«ሲሚንቶ ከጫነ ሲኖ በቀር እዚህ ማን ይመጣብሃል!» ብሎ ካቦው ሳቀ። በሰላም ላደረ ሰው መሳቅ ቀላል ነው። «ብረቱን ካበላሸህ ግን ነገ እንዳትመጣ።»

ሰውዬው ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ ማሽኑን አስነሣ። ብረቱ ተንጋዶ ተቆረጠ፤ ዐይኑ የግቢው በር ላይ ነበርና።