ከዱላው በፊት

ጂንካ ገበያ ጀርባ ባለው የቆዳ መጋዘን በኩል ሳልፍ፣ ያ ጨው የተነሰነሰበት የጥሬ ቆዳ ግማት ዛሬም ይሰነፍጠኛል። ባለፈው ቅዳሜ አፍንጫዬን በነጠላዬ ይዤ ሳልፍ፣ የባጃጅ ልጆች አንድ ስልክ ላይ ተደፍተው የሰው ድብድብ እያዩ ይንከተከታሉ። «እትዬ፣ ይዩማ እንዴት እንደዘረረው!» አለኝ አንዱ። ኤጭ! ከዚህስ የቆዳው ግማት ይሻለኛል።

ቲቸር መኩሪያ ትዝ አለኝ። የአማርኛ አስተማሪያችን ነበር። የተከራየው ክፍል ከመጋዘኑ ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ ሸሚዙ ሳይቀር ቆዳ ቆዳ ይሸታል። አንድ ሕንዳዊ አስተማሪ ትቶት የሄደ፣ ሽፋኑን ምስጥ የበላው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ወፍራም የጥንት የሕንድ የጦርነት ግጥም ነበረው። ድርሰት ያስተማረን እሱን ወደ አማርኛ እየመለሰ ነው።

የእኛ ድርሰት ያው የቪዲዮ ቤት ካራቴ ነው፤ ጧ! ቧ! ወደቀ! ቲቸር ኮሶ እንደጠጣ ሰው ፊቱን አጨማዶ ያነበዋል። «እነዚህ ሁሉ ሬሳዎች እናት የላቸውም እንዴ?» ይላል። ከዚያ ግጥሙን ይገልጣል። ቀስተኛው ገመዱን ወጥሮ ሳለ ገጣሚው ይቆማል፤ ሊወጋ ያለው ሰው የማን ልጅ እንደሆነ፣ በአገሩ ምን ወንዝ እንደሚወርድ፣ ማን ደጅ ደጁን እያየ እንደሚጠብቀው ይነግረናል። ፍላጻው አንድ መስመር ነው፣ አለቀ። ከዚያ ሴቶቹ ይመጣሉ፤ አሞራ እያባረሩ የየራሳቸውን ሰው ፊት ይፈልጋሉ። «ፍላጻውንማ ማንም ይወረውረዋል» ይለን ነበር ቲቸር።

ያኔ ወንድሜ ታምሩ ከሞተ ዓመት አልሞላውም። ካኮ ገበያ ላይ ሰካራሞች ሲጣሉ ሊገላግል ገብቶ፣ ዱላው አናቱ ላይ አረፈ። ልብስ ሰፊው ጋሽ ደምሴ በዕለቱ እዚያ ስለነበረ ወሬው የግሉ ርስት ሆነ። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከስፌት መኪናው ይነሳና ዱላውን ሰንዝሮ ያሳያል፤ ደግሞ ታምሩን ሆኖ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል። ሰው ይስቃል! እናቴ ውሃ ስትቀዳ በዚያ በር ማለፉን ተወችው፤ ጀሪካኗን አዝላ በረግረጉ ትዞራለች።

ለወላጆች ቀን ስለ ጠብ ጻፉ ስንባል ታምሩን ጻፍኩት፤ ዱላው ሲሰነዘር፣ እሱ ሲንገዳገድ፣ ሲወድቅ። እናቴም ጋሽ ደምሴም በተቀመጡበት ላነበው ቆርጬ ነበር። ቲቸር አየውና መለሰልኝ።

«ይሄ ያንቺ ታምሩ ነው ወይስ የጋሽ ደምሴ?» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዱላው ሳይነሳ በእጁ ምን ይዞ ነበር?»

ኮንጎ ጫማ ይዞ ነበር። ለእኔ የገዛልኝን፣ በብብቱ። ሊገላግል ሲገባ እንኳ አላስቀመጠውም፤ ጭቃ እንዳይነካብኝ ብሎ በአንድ እጁ ነበር የገላገለው።

በወላጆች ቀን ያነበብኩት ይሄንን ነው። ዱላው አንድ መስመር ሆነ። ከዚያ እናቴ ደርሳ ፊቱን በነጠላዋ ስትጠርግ። ጋሽ ደምሴ አቀርቅሮ መሬት መሬት ያያል። እናቴ ከኋላ ብድግ አለችና «የእኔ ልጅ ነው!» አለች፣ ሁሉም እንዲሰማት። በማግስቱ ጀሪካኗን አዝላ በልብስ ሰፊው በር አለፈች።

ቲቸር ወደ ገዘር ተዛወረ፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። መጽሐፉንም ምስጡ ሳይጨርሰው አልቀረም።

ቅዳሜ ዕለት ግን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። «የማን ልጅ ነው የተመታው?» አልኩት ልጁን።

«እኔ ምን አውቄ፣ እትዬ!»

«እሺ፣ ሳይመታ በፊት በእጁ ምን ይዞ ነበር?»

እየሳቀ ቪዲዮውን በጣቱ ወደ ኋላ መለሰው። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ዳቦ» አለ። «በፌስታል ዳቦ ይዟል።»

ሳቁ ቆመ። ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተና ባጃጁን ለማስነሳት ሄደ።