መነጽሯን ተዉላት

በእኛ ሰፈር መሠረትን የማያውቅ የለም። ቲቸር መሠረት ይሏታል። እሷ እንግሊዝኛ ያስተማረቻቸው ልጆች አድገው፣ አግብተው፣ የራሳቸውን ልጆች ወደ እሷ ልከዋል። ከደብረ ብርሃን ወደ ጂግጂጋ ተመድባ ስትመጣ ትንሽ ሠርታ ልትዛወር ነበር። ሁላችንም እንደዚያ እያልን ነው የመጣነው። እኔ ሮዛ፣ በዚያው ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የማስተምረው ጓደኛዋ፣ ዝውውር ስጠብቅ ፀጉሬ ሸብቷል።

እሷን እዚህ ያስቀራት ግን የዝውውር ወረፋ አይደለም፤ ጎረቤቷ ማርዎ ናት። ማርዎ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ትሸጣለች፤ ድምፅዋ ከሱቋ ቀድሞ ይሰማል። በ2010 ክረምት ከተማዋ በታመሰች ጊዜ መሠረትን ጓዳዋ አስገብታ፣ የራሷን ጅልባብ አልብሳ፣ በሩ ላይ ቆማ «እዚህ ያለችው እህቴ ናት» ብላ ሊያጠቋት የመጡትን ሰዎች መልሳለች። ይህን መሠረት ስታወራው እንጂ ማርዎ ስታነሳው ሰምቼ አላውቅም።

መሠረት አልወለደችም። የማርዎ ልጅ ነስራ ግን ከሁለቱ ቤት በየትኛው እንዳደገች ለመናገር ያስቸግራል። ምሳዋን እዚህ በልታ የቤት ሥራዋን እዚያ ትሠራለች። መሠረትን «ኤዶ» ነው የምትላት፣ አክስቴ እንደማለት። ተምራ የላብራቶሪ ባለሙያ ስትሆን የምርቃቷን ፎቶ ሳሎኗ ላይ የሰቀለችው መሠረት ናት፤ እናቷ ገና ፍሬም ሳትገዛ።

ከዚያ የመሠረት ዓይን ይደክም ጀመር። ግላኮማ ነው አሏት። አዲስ አበባ ድረስ ሄዳ ታየች፤ የሄደው አይመለስም፣ የቀረውን ጠብቂ ተባለች። የቀረውም ቀስ እያለ ሄደ። መጀመሪያ የተማሪዎቿን ወረቀት ዘቅዝቃ ይዛ አየኋት፣ ቀጥሎ ቦይ ውስጥ ወደቀች፤ በመጨረሻ የቀራት ብርሃንና ጥላ መለየት ብቻ ሆነ። ገበያ የሚወስዳት የማርዎ እጅ ነበር።

መነጽሩን ያመጣላት ካሂን ነው፣ የድሮ ተማሪዋ፣ ዱባይ የሚሠራ። ሲያዩት ተራ መነጽር ነው። ጠርዙ ላይ ካሜራ አለው፤ ከስልኳ ጋር ይገናኝና ፊት ለፊቷ ያለውን በእንግሊዝኛ ጆሮዋ ሥር ይነግራታል። እንግሊዝኛ አስተማሪ መሆኗ በጀ። አድርጋው የወጣች ቀን ሦስታችን አብረን ነበርን። የሱቆቹን የሶማልኛ ታፔላ በፈረንጅ አፍ እያጣመመ ሲያነብላት እሷ ጮክ ብላ ትደግመዋለች፤ ማርዎ በሳቅ ፈርሳ የሰው ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠች። «ፈረንጁ ሶማሌ ሊሆን ነው» አለች እንባዋን እየጠረገች።

ያ ዕቃ ሰው አደረጋት ብል አላጋነንኩም። ለመልቀቅ የጻፈችውን ማመልከቻ ቀዳ ጥላ ክፍል ገባች። ወረቀቱን ፊቷ ትዘረጋለች፣ ያነብላታል፣ ታርማለች። አንድ ቀን «ሮዚ፣ ዛሬ ማንም ነጠላሽ ተገልብጧል ሳይለኝ ዋልኩ» አለችኝ፤ ደስታዋ እኔንም አስለቀሰኝ። እኔ ነገረኛ ስለሆንኩ «የሚያየውን ሁሉ የት ያኖረዋል?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ስልኬ ላይ ነዋ፤ ስልኬ ደግሞ ከእኔ ጋር ነው» አለችኝ። መልሱ ለሁለታችንም በቂ መሰለን።

በ2017 ነስራ አገባች። ባሏ ዐብዲናስር ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ ከተማ ጉምሩክ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው። ሠርጉ አልፎ የሻሽ ሳር ቀን ደረሰ፤ ሙሽራዋ ያገባች ሴት የምታስረውን ሻሽ የምትለብስበት፣ የሴቶች ብቻ ድግስ ነው። በዚያ ቀን ወንድ ደጁ ላይ አይደርስም። ሴቱ ጅልባቡን አውልቆ፣ ስስ ዲራኩን ለብሶ፣ ፀጉሩን ለቆ በከበሮ ይጨፍራል። ስለዚህ ስልክ አይገባም። በሩ ላይ አንዲት አክስት ዘምቢል ይዛ ትቀመጣለች፤ ማንም ትሁን ማን ስልኳን እዚያ ጥላ ነው የምታልፈው።

መሠረትም ጣለች። ዘምቢሉን የያዘችው የሙሽራው አክስት ወደ ፊቷ አየት አደረገችና «ይሄስ?» አለች። ማርዎ ከውስጥ እየሮጠች መጣች።

«መነጽሯን ተዉላት፣ ዓይኗ ነው» አለች። «ልጇን ሳታያት ትቅር?»

ማን ይከራከራል? የዓይነ ስውር ሴት መነጽር ከፊቷ ላይ ማን ይነጥቃል? እኛ የምንፈራው ስልክን ነበር፣ ስልኩ ደግሞ ዘምቢል ውስጥ ነው። ዘምቢሉ ካለበት በርና መሠረት ከተቀመጠችበት ፍራሽ መካከል ግን አንድ ግድግዳ ብቻ ነበር፤ መነጽሩና ስልኩ ግድግዳውን አልፈው ሲነጋገሩ ዋሉ። እሷም ይህን አላሰበችውም። በጆሮዋ ይናገር ስለነበር፣ ለእሷ ነገሩ የሚያልቀው እዚያው ጆሮዋ ላይ ነበር።

ፊት አስቀመጧት። ነስራ ለጭፈራ ስትነሳ መሠረት ምን እንደሚታይ መነጽሩን በሹክሹክታ ጠየቀችው። ወርቃማ ልብስ የለበሰች፣ ረጅም ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ የፈሰሰ ወጣት እየሳቀች ትጨፍራለች አላት። ይህን የሰማሁት ኋላ ከራሷ ነው። ከበሮው ሲበረታ ድምፁ አልሰማ አላት፤ ልታጎላው ጠርዙን ተጫነችው። የተጫነችው ሌላውን ቁልፍ ኖሯል። አንዲት ትንሽ ነጭ መብራት በራች። ያየነው ሴቶች ጌጥ መሰለን፤ መብራቷ ይቀረጻል ብላ የምታስጠነቅቅ መሆኗን ማን ያውቃል? የመነጽሩ ባለቤት ደግሞ መብራቷን ማየት አትችልም።

ከድግሱ በኋላ የመሠረት ስልክ ቻርጅ አልይዝ አለ። ሞባይል ጥገና ሰጠችው። ሠራተኛው መክፈቻ ቁጥሩን ሲጠይቃት ነገረችው፤ ምን ታድርግ?

ከዚያ ስልኩ ላይ የነበረው ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ወጣ። ነስራ ፀጉሯን ለቃ ስትጨፍር፣ አክስቶቿ ትከሻቸው ተራቁቶ ሲያጨበጭቡ። ስልክ ጠጋኙ በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ጠፋ፤ እሱን አላህም እግዜርም ይይለት። የእኔን ደም ያፈላው ግን የቀረው ሕዝብ ነው። «አስተግፊሩላህ» እያለ ያየዋል፣ አይቶም ለሌላው ይልከዋል። ሽንሌ ደረሰ፣ ደወሌ ደረሰ፣ ድንበር ተሻገረ። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ቪዲዮው ከየትኛው ፍራሽ ላይ እንደተቀረጸ ደግሞ ድግሱ ላይ ለነበረች ሴት ሁሉ ግልጽ ነበር።

ዐብዲናስር አልፈታትም። ወንድሞቹ ግን ፊት ነሱት፤ እሱም ነስራን ከሥራዋ አስለቅቆ ከጂግጂጋ ይዟት ሄደ። መሠረትን ሳትሰናበት ሄደች።

መሠረት ወደ ማርዎ ስትሄድ እጇን ይዤ የወሰድኳት እኔ ነኝ። መነጽሩን ካወለቀችው ቆይታለች። እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ማርዎ ይዛ አስቀረቻት።

«ማርዎ፣ ነስራ ትሙት አላወቅሁም» አለች መሠረት።

ይህን መሐላ ማርዎ ከእኛ ጋር ስትኖር ለምዳዋለች፤ ራሷም ስትቀልድበት ሰምቻታለሁ። ያን ቀን ግን ፊቷ ተለወጠ።

«በእሷ አትማዪ» አለቻት። ቀጥላም «ወላል፣ እህቴ፣ ለአላህ ብዬ ይቅር ብዬሻለሁ። የባሏ ሰዎች የሚጠይቁት ግን አንቺን አይደለም። ተዉላት ያልኩት እኔ ነኝ» አለች። ያ የሚያስተጋባ ድምፅዋ የት እንደገባ አላውቅም።

ትምህርት ቤትም ወላጆች መጡ። ማንም አልሰደባት። ሴት ልጆቻችን ያሉበት ክፍል ያንን መነጽር አድርጋ አትግባ ብቻ ነው ያሉት። ልፈርድባቸው ፈለግሁ፣ አልቻልኩም፤ እኔም ሴት ልጅ አለችኝ። ያለ መነጽሩ ደግሞ ማስተማር አትችልም። የመልቀቂያ ማመልከቻውን እሷ እየነገረችኝ እኔ ጻፍኩት።

ነስራ የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ እናቷ ቤት መጣች። ሴት ወለደች። መሠረት ወሬውን ከአጥር ማዶ ሰማች እንጂ ማንም መጥቶ አልነገራትም። እንሂድ አለችኝ። ባንሄድ ይሻላል ልላት ነበር፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ስትጠብቀኝ ክንዴን ሰጠኋት።

በሩ ላይ የዐብዲናስር እህት ቆማ ነበር። ማርዎን ጠራቻት። ማርዎ ወጣች፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ» አለችን፤ ከዚያ ሁለት እጇን አንሥታ የመሠረትን ፊት ዳሰሰች። ዓይኗ ሥር፣ ጆሮዋ ኋላ፣ ነጠላዋ ሥር። መሠረት እስክትጨርስ አገጯን ቀና አድርጋ ቆመችላት። እኔ ማየት አቅቶኝ ወደ መንገዱ ዞርኩ።

ገባን። ነስራ «ኤዶ» አለች፤ ድምፅዋ ደክሟል። መሠረት እጇን ስትዘረጋ ጨበጠቻት። ሻይ ሰጡን። ሕፃኗ አለቀሰች፣ ዝም አለች። መሠረት ወደ ድምፁ ዞራ ቆየች፤ ልያዛት አላለችም፣ ያዣትም ያላት የለም። መርቃ ተነሣች። እስከ በሩ የሸኘን የለም።

መንገድ ላይ ክንዴን አጥብቃ ይዛለች።

«ሮዚ፣ ማንን ትመስላለች?»

«ቁርጥ ነስራን» አልኳት። «ግንባሯ፣ አፍንጫዋ፣ ሁሉ ነገሯ።»

ፈገግ አለች፤ እስከ ቤቷ ድረስ ፈገግ እንዳለች ሄደች። እኔም የሕፃኗን ፊት አላየሁትም። ገና ስንገባ ሸፍነዋት ነበር።